በማን ስም? ለኤሌክትሮኒክ ፊርማ ኤፒአይ የሚቀርብ ጥያቄና የማንነት ማረጋገጫው

አንድ ጥያቄ ሰርቨር ላይ ደረሰ እንበል። «ይህን የሥራ ውል ለእነዚህ ሁለት ሰዎች ልከህ አስፈርምልኝ» ይላል። የላከው ፕሮግራም ነው፤ የተቀበለውም ማሽን ነው። ማሽኑ የላኪውን ፊት አያይም፣ ድምፁን አይሰማም፤ ከፊቱ ያለው ተከታታይ ፊደልና ቁጥር ብቻ ነው። ውሉ ግን ነገ ፍርድ ቤት ሊቀርብ፣ ደመወዝ ሊከፈልበት፣ ብድር ሊጠየቅበት ይችላል። ስለዚህ ማሽኑ አንዲት ገጽ እንኳ ከመላኩ በፊት ጠያቂው ማን እንደሆነና በማን ፈቃድ እንደመጣ ማወቅ ይኖርበታል።

ይህን በደፈናው ከማስተማር አንድ የታወቀ አገልግሎት ይዞ መሄድ ይሻላል። ዶኪዩሳይንን እንውሰድ። ኩባንያው የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ2003 በሲያትል ነው፤ የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት የኤሌክትሮኒክ ፊርማን ሕጋዊነት የደነገገበት ሕግ በ2000 ከወጣ ከሦስት ዓመት በኋላ ማለት ነው። ለምሳሌ ያህልም በሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ለአረጋውያን የቤት ለቤት እንክብካቤ የሚሰጥ አንድ ድርጅት እናስብ። አዲስ ሠራተኛ ሲቀጠር የድርጅቱ ፕሮግራም ውሉን አዘጋጅቶ በዶኪዩሳይን ኤፒአይ በኩል ያስፈርማል።

በዚህ ሥራ ውስጥ ሦስት ማንነቶች አሉ። የመጀመሪያው ፕሮግራሙ ራሱ ነው፤ ዶኪዩሳይን ዘንድ ተመዝግቦ «ኢንተግሬሽን ኪ» የሚባል መለያ ቁጥር ተሰጥቶታል። ሁለተኛው ፕሮግራሙ በስሙ የሚሠራለት የአካውንቱ ተጠቃሚ ነው፤ በምሳሌያችን የድርጅቱ የሰው ኃይል ኃላፊ ናቸው። ሦስተኛው ፈራሚው፣ ማለትም አዲሱ ተቀጣሪ ነው፤ እሱ ዶኪዩሳይን ላይ አካውንት ላይኖረውም ይችላል። ኤፒአዩ ጥያቄ ሲቀርብለት የሚያረጋግጠው የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ነው። ሦስተኛው በሌላ መንገድ ይረጋገጣል፤ ወደ እሱ በመጨረሻ እንመጣለን። በዚህ መስክ ካየኋቸው ስህተቶች አብዛኞቹ ከእነዚህ ሦስቱ አንዱን ለሌላው ከመውሰድ የመጡ ናቸው፤ ስለዚህ ተማሪው ሌላ ነገር ከመጀመሩ በፊት ሦስቱን ለይቶ ይያዝ።

ቀድሞ እንዴት ይደረግ ነበር ቢሉ፣ እያንዳንዱ ጥያቄ በሄደሩ ውስጥ የተጠቃሚውን ኢሜይል፣ የይለፍ ቃሉንና የፕሮግራሙን መለያ ይዞ ይሄድ ነበር። ቀላል ነበር፤ አሁን ግን ቀርቷል። ለምን ቀረ? የይለፍ ቃል የያዘ ፕሮግራም ባለቤቱ ማድረግ የሚችለውን ሁሉ ማድረግ ይችላል፤ «ውል ብቻ ላክ፣ ሌላውን አትንካ» ተብሎ ሊገደብ አይችልም። ኃላፊዋ የይለፍ ቃላቸውን ሲቀይሩ ፕሮግራሙ ይቆማል። በስልክ የሚመጣ ተጨማሪ የማረጋገጫ ኮድ ካስፈለገ ደግሞ ፕሮግራም ስልክ አያነሳም። ከሁሉ የሚብሰው ግን ሰርቨሩ ኃላፊዋንና ፕሮግራሙን መለየት አለመቻሉ ነው። ሁለቱ ማንነቶች በአንድ የይለፍ ቃል ይጨፈለቃሉ፤ ችግር ሲፈጠር «ይህን ያደረጉት እሳቸው ናቸው ወይስ ፕሮግራሙ?» ለሚል መርማሪ መልስ አይገኝም።

ይህን ለመፍታት የመጣው ኦኦት 2.0 የሚባለው ሥርዓት ነው፤ አርኤፍሲ 6749 ሆኖ የታተመው እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2012 ነው። ሥርዓቱ ውክልናን ለሚያውቅ ሰው እንግዳ አይሆንበትም። ቤቱን በወንድሙ በኩል ሊሸጥ የፈለገ ሰው ሰነዶች ማረጋገጫ ሄዶ ውክልና ሲሰጥ የራሱን መታወቂያ ለወንድሙ አያስረክብም። ወንድምየው የገዛ መታወቂያውን ይዞ ይቀርባል፤ የውክልናው ወረቀት ምን ማድረግ እንደሚችል ለይቶ ይናገራል፤ ወካዩም በፈለገ ጊዜ ይሽረዋል። በኦኦትም ፕሮግራሙ በራሱ መለያ ይቀርባል፤ የፈቃዱ ወሰን «ስኮፕ» በሚባለው ዝርዝር ይጻፋል፤ ባለቤቱ ሲሻ ይሽረዋል። ፈቃዱ በተግባር የሚታየው «አክሰስ ቶከን» በሚባል ረዘም ያለ የፊደል ቅንጣቢ ነው፤ ይህም ሰዓቱ ሲሞላ በራሱ ይሞታል።

ቶከኑ የሚገኝባቸው መንገዶች ብዙ ናቸው፤ የፊርማ አገልግሎት ለሚጠቀም ሰው ሁለቱ ይበቁታል። ምርጫው በአንድ ነገር ይወሰናል፦ ጥያቄው ሲላክ ስክሪኑ ፊት የተቀመጠ ሰው አለ ወይስ የለም?

ሰው ካለ መንገዱ በኮድ የሚደረገው ልውውጥ ነው። ፕሮግራሙ ኃላፊዋን ወደ ዶኪዩሳይን መግቢያ ገጽ ይልካቸዋል፤ እዚያ ራሳቸው ገብተው ፈቃድ ይሰጣሉ፤ ዶኪዩሳይንም በብራውዘራቸው በኩል አጭር ዕድሜ ያለው ኮድ ይመልሳል። ፕሮግራሙ ያንን ኮድ ከራሱ ሚስጥራዊ ቁልፍ ጋር አድርጎ፣ በብራውዘር ሳይሆን ከሰርቨር ወደ ሰርቨር፣ በቶከን ይለውጠዋል። በዚህ መንገድ የተገኘ ቶከን 8 ሰዓት ያገለግላል፤ አብሮት የሚሰጠው ማደሻ ቶከን ደግሞ 30 ቀን። ሁለት ጥንቃቄዎች አይዘለሉ። «ስቴት» የሚባለውን በዘፈቀደ የተፈጠረ እሴት ከጥያቄው ጋር ልኮ ሲመለስ ማመሳከር፤ አለዚያ ሌላ ሰው የራሱን ኮድ በእናንተ ተጠቃሚ ብራውዘር ውስጥ ሊያስገባ ይችላል። በአርኤፍሲ 7636 የተደነገገውን ፒክሲንም መጨመር፤ ይህ ኮዱን የጠየቀውና ኮዱን የሚለውጠው አንድ ፕሮግራም መሆኑን ያረጋግጣል። ቶከኑን በቀጥታ በአድራሻው መስመር ላይ የሚመልሰው አሮጌ መንገድ፣ ኢምፕሊሲት የሚባለው፣ በ2025 በወጣው የኦኦት የደህንነት መመሪያ እንዳይሠራበት ተመክሯል፤ አዲስ ሥራ የሚጀምር ሰው ባይነካው ይሻላል።

ሁለተኛው መንገድ ከባዱና ለምሳሌያችን የሚሆነው ነው። ተቀጣሪው ሌሊት ስድስት ሰዓት ላይ ፎርሙን ሞልቶ ጨረሰ፤ ፕሮግራሙም ውሉን ወዲያው መላክ አለበት። ኃላፊዋ ተኝተዋል። የመግቢያ ገጽ የሚሞላ ሰው የለም። ፕሮግራሙ በእሳቸው ስም መሥራት የተፈቀደለት መሆኑን ብቻውን እንዴት ያስረዳል?

በጄደብሊውቲ ያስረዳል። ጄደብሊውቲ በነጥብ የተለያዩ ሦስት ክፍሎች ያሉት ጽሑፍ ነው፤ በ2015 አርኤፍሲ 7519 ሆኖ ታትሟል። የመጀመሪያው ክፍል በምን ስልት እንደተፈረመ ይናገራል። ሁለተኛው ቃሉን ይይዛል። ሦስተኛው ፊርማው ነው። ሁለተኛው ክፍል ውስጥ የሚገቡትን አንድ በአንድ እንያቸው፤ እዚህ ላይ መቸኮል በኋላ ብዙ ሰዓት ያስከፍላል።

«አይኤስኤስ» ተናጋሪው ማን እንደሆነ ነው፤ እዚህ የፕሮግራሙ ኢንተግሬሽን ኪ ይገባል። «ሰብ» በማን ስም እንደሚናገር ነው፤ እዚህ የኃላፊዋ የተጠቃሚ መለያ ይገባል፤ ኢሜይላቸው ሳይሆን ዶኪዩሳይን የሰጣቸው ረጅሙ መለያ። ከላይ የለየናቸው ሁለት ማንነቶች እነሆ በሁለት የተለያዩ ቦታዎች ተቀምጠዋል፤ የይለፍ ቃሉ የጨፈለቀውን ይህ ጽሑፍ ለይቶ አስቀመጠው። «ኦድ» ቃሉ ለማን እንደተነገረ ነው፤ ለሙከራው ሰርቨር የተጻፈ ለእውነተኛው አያገለግልም። በዶኪዩሳይን ይህ የሰርቨሩ ስም ብቻ ነው፤ በፊቱ «ኤችቲቲፒኤስ» የሚለውን የጨመረ ሰው ምክንያቱ ሳይገባው ይመለስበታል። «አይኤቲ» የተጻፈበት ጊዜ፣ «ኢኤክስፒ» የሚያበቃበት ጊዜ ነው፤ ሁለቱም ከጃንዋሪ 1 ቀን 1970 ጀምሮ በተቆጠረ ሴኮንድ ይጻፋሉ። በሚሊሴኮንድ የሚቆጥር የፕሮግራም ቋንቋ የለመደ ሰው ሺህ ጊዜ የበለጠ ቁጥር ያስገባና ሰርቨሩ አልቀበልም ይለዋል። የማሽኑ ሰዓት ከትክክለኛው ሰዓት ወደፊት ከቀደመም እንዲሁ ነው፤ ገና ባልደረሰ ሰዓት የተጻፈ ቃል ሰርቨር አያምንም። በመጨረሻ «ስኮፕ»፤ እዚህ ለመፈረሚያ ሥራውና በሌላ ሰው ስም ለመሥራት የሚያስፈልጉት ሁለት ፈቃዶች ይጻፋሉ።

ይህን የጻፈ ሁሉ ግን እውነት ተናገረ ማለት አይደለም። ማንም ተነስቶ «እኔ እገሌ ነኝ» ብሎ ሊጽፍ ይችላል። ፊርማው የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። ፕሮግራሙ ሲመዘገብ ጥንድ ቁልፍ ተፈጥሮለታል፤ ስልቱ አርኤስኤ ይባላል፣ ሮናልድ ሪቨስት፣ አዲ ሻሚርና ሌናርድ ኤድልማን በ1977 በኤምአይቲ የደረሱበት ነው። አንደኛው ቁልፍ የግል ነው፤ ከድርጅቱ ሰርቨር አይወጣም። ሌላው ይፋዊ ነው፤ ዶኪዩሳይን ዘንድ ይቀመጣል። ፕሮግራሙ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ክፍሎች አንድ ላይ አድርጎ ሻ-256 በሚባለው ስልት ወደ አጭር አሻራ ይለውጣቸዋል፤ አሻራውን በግል ቁልፉ ይፈርምበታል። ዶኪዩሳይንም ጽሑፉ ሲደርሰው አሻራውን በራሱ አስልቶ ፊርማውን በይፋዊው ቁልፍ ይፈትሻል። ከገጠሙ ሁለት ነገር ታወቀ፦ ጽሑፉን ያዘጋጀው የግሉን ቁልፍ የያዘ ነው፤ በመንገድም አንዲት ፊደል አልተለወጠችም። ዶኪዩሳይን ይህን ሲያረጋግጥ የግሉን ቁልፍ አይቶት አያውቅም። የዚህ ስልት ታላቅነት እዚህ ላይ ነው፤ ሚስጥሩን ሳያስረክቡ ሚስጥሩ እጅ ላይ መኖሩን ማስረዳት።

አንድ ነገር ግን በግልጽ መባል አለበት። የተፈረመ ማለት የተመሰጠረ ማለት አይደለም። ጄደብሊውቲውን እጁ ያስገባ ሁሉ ቃሉን ማንበብ ይችላል፤ ክፍሎቹ የሚጻፉበት ቤዝ64 የአጻጻፍ ስልት ነው እንጂ መሸሸጊያ አይደለም። ስለዚህ ሚስጥር ውስጡ አይከተትም።

ሌላው ጀማሪዎች የሚደናቀፉበት፣ ይህን የተፈረመ ጽሑፍ ራሱን ቶከን አድርገው ወደ ኤፒአዩ መላካቸው ነው። ጽሑፉ ቶከን መጠየቂያ ነው። በመጀመሪያ ወደ ማንነት ማረጋገጫው ሰርቨር ይላካል፤ ያ ሰርቨር ፈትሾ ለአንድ ሰዓት የሚያገለግል አክሰስ ቶከን ይሰጣል፤ ውሉን የሚልከው ጥያቄ የሚሸከመው ይህን ነው። በዚህ መንገድ ማደሻ ቶከን የለም፤ ሰዓቱ ሲያልቅ አዲስ ጽሑፍ ተፈርሞ አዲስ ቶከን ይጠየቃል። ለእያንዳንዱ ውል አዲስ ቶከን መጠየቅ ደግሞ አያስፈልግም፤ አንዱን አስቀምጦ እስኪያልቅ ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው መተካት ነው።

አሁን ወደ ፈቃዱ እንመለስ። ፕሮግራሙ ሁሉን በትክክል አዘጋጅቶ ቢልክም በመጀመሪያው ቀን «ኮንሰንት ሪኳየርድ» የሚል መልስ ይመጣል። ብዙዎች ይህን እንደ ቴክኒክ ብልሽት ያዩትና ቁልፍ መቀያየር ይጀምራሉ። ምንም የተበላሸ ነገር የለም። ሰርቨሩ የሚለው «ማን እንደሆንክ አውቄያለሁ፤ እሳቸው ግን በስሜ ሥራ ብለው አልፈቀዱልህም» ነው። ኃላፊዋ አንድ ጊዜ በብራውዘር ገብተው ፈቃድ መስጠት አለባቸው፤ ወይም የድርጅቱ አስተዳዳሪ፣ የኢሜይል ዶሜይኑ የድርጅቱ መሆኑ ዶኪዩሳይን ላይ ከተረጋገጠ፣ ለሠራተኞቹ ሁሉ በአንድ ጊዜ ይፈቅዳል። ማን መሆንንና ምን መፈቀዱን ለይቶ የሚያስተምር ከዚህ የተሻለ የስህተት መልእክት አላውቅም። ያው ልዩነት በኤችቲቲፒ ቁጥሮችም አለ፦ 401 ሲመጣ ማንነትህ አልተረጋገጠም፣ ቶከኑ አልቋል ወይም ተሳስቷል ማለት ነው፤ 403 ሲመጣ አውቄሃለሁ ግን ይህን አልተፈቀደልህም ማለት ነው። ለመጀመሪያው አዲስ ቶከን ይጠየቃል። ለሁለተኛው አዲስ ቶከን ደጋግሞ መጠየቅ ምንም አይፈይድም፤ ሰው ሄዶ ፈቃዱን ማስተካከል አለበት።

በማን ስም ይሠራ የሚለውም የአስተዳደር ውሳኔ ነው። ፕሮግራሙ በኃላፊዋ የግል አካውንት ስም ቢሠራ፣ እሳቸው ሥራ ለቅቀው አካውንታቸው የተዘጋ ዕለት ሌሊት የሚላኩ ውሎች በሙሉ ይቆማሉ። በዚያ ላይ እሳቸው ያላዩት ውል ሁሉ በመዝገብ ላይ በእሳቸው ስም እንደተላከ ይታያል፤ ይህ ለአንድ ሠራተኛ የማይገባ ሸክም ነው። እኔ የምመክረው ለዚህ ሥራ ብቻ የሚያገለግል፣ ውል ከመላክ ያለፈ ሥልጣን የሌለው የተለየ ተጠቃሚ እንዲከፈት ነው። ተቀጣሪውም ኢሜይሉ ላይ የማያውቀው ሰው ስም ሳይሆን የድርጅቱን ስም ያያል።

ቶከኑ ከተገኘ በኋላ አንድ ትንሽ እርምጃ አለች። የዶኪዩሳይን አካውንቶች ሁሉ በአንድ ሰርቨር ላይ አይደሉም፤ የአውሮፓው በአውሮፓ፣ የሰሜን አሜሪካውም በተለያዩ ቦታዎች ይቀመጣል። ስለዚህ ፕሮግራሙ በቶከኑ «ዩዘርኢንፎ» የሚባለውን አድራሻ ጠይቆ የአካውንቱን ቁጥርና ትክክለኛውን የሰርቨር አድራሻ ይቀበላል፤ ውሉን የሚልከውም ወደዚያ ነው። አድራሻውን በግምት ኮዱ ውስጥ የጻፈ ሰው ትክክለኛ ቶከን ይዞ ይመለስበታል።

ቶከኑን የያዘ ሁሉ እንደ ባለቤቱ ይስተናገዳል፤ ሰርቨሩ «ከየት አገኘኸው?» ብሎ አይጠይቅም። ስለዚህ በቲኤልኤስ በተጠበቀ መስመር ብቻ ይጓዝ፤ በድረ ገጽ አድራሻ ውስጥ አይግባ፤ የፕሮግራሙ የሥራ መዝገብ ላይም አይጻፍ። የግል ቁልፉ ደግሞ ከቶከኑ ይከፋል፤ ቶከን በሰዓት ይሞታል፣ ቁልፍ ግን ሰው እስኪሽረው ይኖራል። ጊት ውስጥ ከኮዱ ጋር የገባ ቁልፍ ቢሰረዝም ከታሪኩ አይጠፋም፤ ያለው መፍትሔ መሻር ብቻ ነው። ዶኪዩሳይን ለአንድ ፕሮግራም ከአንድ በላይ ጥንድ ቁልፍ ስለሚፈቅድ አዲሱን አስገብቶ፣ መሥራቱን አይቶ፣ አሮጌውን መሻር ይቻላል፤ ሥራው ለደቂቃም አይቆምም።

እስካሁን የተናገርነው ከእኛ ወደ እነሱ ስለሚሄደው ጥያቄ ነው። ከእነሱ ወደ እኛ የሚመጣም አለ። ተቀጣሪው ሲፈርም ዶኪዩሳይን «ተፈርሟል» የሚል መልእክት ወደ ድርጅቱ ሰርቨር ይልካል። ያ አድራሻ ለኢንተርኔት ክፍት ነው፤ አድራሻውን የደረሰበት ሰው የሐሰት «ተፈርሟል» ሊልክበት ይችላል፤ ድርጅቱም ያልፈረመን ሰው ሥራ ያስጀምራል። ስለዚህ ጠያቂነቱ ተገልብጦ አሁን የምናረጋግጠው እኛ ነን። የሚሠራበት ስልት ኤችማክ ነው፤ ሁለቱም ወገን የሚያውቁት አንድ ሚስጥራዊ ቁልፍ አለ፣ ዶኪዩሳይን የመልእክቱን አካል በዚያ ቁልፍ አስልቶ ውጤቱን በሄደር ይልካል፣ እኛም አስልተን እናመሳክራለን። ስሌቱ መልእክቱ እንደመጣ፣ ሳይነካ መሠራት አለበት። ፕሮግራሙ በጄሰን የተጻፈውን መልእክት ተርጉሞ እንደገና ከጻፈው አንዲት ባዶ ቦታ ትቀየርና እውነተኛው መልእክት ሐሰተኛ ይመስላል።

በመጨረሻ ሦስተኛው፣ ፈራሚው። ቶከኑ ስለ እሱ የሚናገረው አንዳች ነገር የለም። ሕጉ ግን በዋናነት የሚጠይቀው ስለ እሱ ነው፤ ለምሳሌ የአውሮፓ ኅብረት ደንብ ቁጥር 910/2014 በአንቀጽ 26 ከፍ ያለ ደረጃ ያለውን ፊርማ ሲገልጽ ከፈራሚው ጋር ብቻ የተያያዘ፣ ፈራሚውን ለይቶ የሚያሳይና እሱ ብቻ በሚቆጣጠረው መንገድ የተፈጠረ እንዲሆን ይጠይቃል። ውሉ በኢሜይል ሲላክ ዶኪዩሳይን ቢያንስ ኢሜይሉ ላይ ይመረኮዛል፤ ላኪው ከፈለገም በስልክ የሚላክ ኮድ ወይም የመታወቂያ ማረጋገጫ ይጨምራል። ነገር ግን ድርጅቱ ተቀጣሪው በድርጅቱ ድረ ገጽ ውስጥ እንዳለ እንዲፈርም ካደረገ ሁኔታው ይለወጣል። ያን ጊዜ ፕሮግራሙ በቶከኑ የመፈረሚያ አድራሻ ይጠይቃል፤ ስለ ፈራሚው ማንነትም «እኔ አረጋግጬዋለሁ፣ በዚህ መንገድ» ብሎ ለዶኪዩሳይን ይመሰክራል። ዶኪዩሳይን ምስክርነቱን ይቀበላል። ድርጅቱ ሳያረጋግጥ መስክሮ ከሆነ፣ ቁልፉ፣ ጄደብሊውቲውና ቶከኑ ሁሉ ትክክል ሆነው ሳለ ፊርማው የማን እንደሆነ የሚያስረዳ አይኖርም።

ስለዚህ የሥራው ቅደም ተከተል ይጠበቅ። ተቀጣሪው በመጀመሪያ በድርጅቱ ገጽ በራሱ መለያ ይግባ፤ የገባውም ውሉ ላይ ስሙ የተጻፈው ሰው መሆኑን ፕሮግራሙ ያመሳክር፤ የገባበት ሰዓትና መንገድ በመዝገብ ይያዝ። የመፈረሚያው አድራሻ የሚጠየቀው ከዚህ በኋላ፣ «ፈርም» የሚለውን በተጫነበት ቅጽበት ነው፤ አድራሻው የሚቆየው አምስት ደቂቃ፣ የሚያገለግለውም አንድ ጊዜ ነው። አስቀድሞ ተጠይቆ በዳታቤዝ አይቀመጥም፤ በኢሜይልም አይላክም፤ እንደተገኘ የተቀጣሪው ብራውዘር ወደዚያው ይላካል።